ተጫነው፣ አትፈትገው

ዳይፐሩን ጣልነው በሐምሌ ሐሩር፣
ኔሪያ ራቁቱን ቤት ውስጥ እንዲዞር።
"መስከረም ሲገባ ደርቆ ይምጣ" የሚል ደረሰን ወረቀት፣
አንብባ ሰጠችኝ ልጄ ወርቂት፣
(መታወቂያዋ ላይ ዘሃቫ የሚሏት)
"አባዬ፣ ይሄ ያንተ ነው" ብላኝ ወጣች፣ አፉላ ሆስፒታል፣ ለሌሊት።

ፖፖ ገዛንለት፣ ሰማያዊ፣ ጆሮ ያለው ዝሆን፤
ሩብ ሰዓት ይቀመጥበታል፣ ንጉሥ ዙፋኑ ላይ እንደሚሆን።
ይዘምራል፣ ያወራል፣ ጠብታ የለም፣ ባዶ፤
ከዚያ ሶፋው ላይ ይለቀዋል፣ በገዛ እግሩ ሄዶ።

ሶፋው ግራጫ ነው፣ ዕዳው ገና ያላለቀ፣
በአሥራ ስምንት ወር ክፍያ ቤታችንን ያጣበቀ።
ሻጩ "ይታጠባል" ብሎን ነበር፣ ምሎ ተገዝቶ፤
ዚፑን ስንስበው ለካ ጌጥ ኖሯል፣ ከውስጥ ተሰፍቶ።
መጀመሪያ ጥጉ ላይ፣ ማግስቱን መሐል፣
ሦስተኛው ሲታከል
ድንበሩ ያልለየለት አገር ይመስላል።

እኔ ምን አውቃለሁ? ትራሱን በረንዳ አወጣሁ፣
ጭቃ እንደ ነካው ጫማ ፈተግሁ፣ ፈተግሁ።
ከታች ቤት ፎርቱና፣ ማሮካዊቷ፣
የታጠበ አንሶላዋ ላይ ቢንጠባጠብ፣ ጮኸች በመስኮቷ።
ደግሞ ደረጃውን ወጣች፣ ሶዳና ኮምጣጤ ይዛ፣
አስተማረችኝ፣ ዕብራይስጧን በእጆቿ አግዛ፦
"ተጫነው፣ አትፈትገው። ብትፈትገው ይሰርጋል።
ፎጣ ጣልበት፣ ተጫነው፤ ጨርቁ ራሱ ይመልስልሃል።"
ሰባት ልጅ ያሳደገ መዳፍ ምን ይሳሳታል!

በወገራ ሳለሁ ሽማግሌ ነበርሁ፣ ሰው የማስታርቅ፤
ስንቱን ጠብ ይሆን ፈትጌ ያሰረግሁት፣ ሳይደርቅ?

ልጁ ሲያለቅስ "ሎ ኖራ፣ ውሃ ነው" እለዋለሁ፣
ፎጣውን አጥፌ፣ በጉልበቴ ወርጄ፣ እጫነዋለሁ።
አርብ ማታ ግን፣ ሻማው ከበራ በኋላ፣
ያ ሳይደርቅ ደገመን ሌላ።
ሰንበት ነው። አይታጠብም፣ አይጨመቅም፤
ፎጣ ጣልሁበትና ተቀመጥሁ፣ አልነቃነቅም።
በማግስቱ ቄስ አበጀ ሊጠይቁን ጎራ ሲሉ
አልተነሣሁላቸውም። "ጉልበቴን" አልሁ። "ይማርህ" አሉ።
ሦስት ኮከብ እስኪወጣ በጊልቦዓ ሰማይ
እርጥቡን ምሥጢር ታቀፍሁት፣ ማንም ሳያይ።

ይህ ሁሉ የኔሪያ ነው።
የኔን ገና አልተናገርሁም።

አንድ ሐሙስ ንጋት፣ ሬዲዮ ከፍቼ ዜና ስጠብቅ፣ ሸለብ አደረገኝ።
የደም ግፊት ክኒን ማስጠንቀቂያ የለውም።
ነቃሁ። ሞቆኝ ነበር። ከዚያ በረደኝ።
ያን ሁሉ ባላጋራ ያስታረቅሁ ሰው
ከገዛ ሱሪዬ መታረቅ አቃተኝ።
እንደ ምንም ቀየርሁ፣ አለቅልቄ ገመድ ላይ ሰቀልሁት፤
ሶፋውን ግን የት ልሰቅለው? ቆሜ አየሁት።

ልጁ በር ላይ ቆሟል፣ እሱ ደረቅ፣ ፀጉሩ ተንጨፍሮ፤
እኔን አየ። ሶፋውን አየ።
ፎጣ እየጎተተ መጣ፣ በጓዳ ዞሮ።
ሁለት መዳፉን ዘርግቶ ተጫነ፣ ምላሱን ነክሶ፣
"አባባ፣ ሎ ኖራ፣ ውሃ ነው" አለኝ፣
ቃሌን ለኔው መልሶ።

ወርቂት ከሌሊቷ ገባች፣ ቦርሳዋን ሳታወርድ
አሸተተች። "ማነው?" አለች።
እኔ ዝም።
እሱ ጣቱን ቀሰረ፣ ሳይደነግጥ፣ ሳይርድ፦
"ሶፋው!"

እየተንጠባጠበ በረንዳ የተሰቀለውን ሱሪዬን አየችው።
ከፎርቱና መስኮት ድምፅ የለም ገና።
ከልጁ እጅ ፎጣውን ተቀበለችው፤
ተጫነችው፣
አልፈተገችው።