ቀዳዳው

ሦስት ሌሊት ወረደ፣ በርካሽ ጥቅል ሰዓት፣
ፍራንኮ ጓሮ ባለች ባንድ ክፍል ቤት፤
ከጋራዡ ደሞዝ፣ ከምሳዬ ቀንሼ፣
መቶ ሲል ቁጭ አልኩኝ ግሪሴን አብሼ።

ገባሁ። ከተማ ነው። ግንቡ ጥላ የለው፤
በሩን ሳንኳኳበት እጄን ሙሉ ዋጠው።
ፈረሱ ጣሪያ ላይ በጀርባው ይሄዳል፣
ሻጩ አፍ ሳይኖረው «እንኳን መጡ» ይላል።
ጠላቴን ባገኘው በር ላይ ተሰንቅሮ፣
አዘንኩለትና ተመለስኩ በጓሮ።

አናጢው ገመቹ ጎረቤቴ ሳለ፣
ባለሦስት እግር ወንበር መች ሸጠ? መች አለ፦
«አራተኛው እግር በየካቲት ይደርሳል፣
እስከዚያ ተቀመጥ፤ ትንሽ ይወዛወዛል»?

ከዚያ ወደቅኩ። ልክ ገበያው መሐል ላይ
መሬቱ አልተሠራም። ከታች ሌላ ሰማይ።
ስወድቅ፣ ስወድቅ፣ ከጎኔ አንድ ልጅ
እሱም ይወድቃል፣ እያውለበለበ እጅ።
«ከየት ነህ?» ብሎ ጻፈ። «አዳማ። አንተስ?»
«ሀዋሳ፣ አቶቴ። መቼ ነው የምንደርስ?»
ሃያ ደቂቃ ሙሉ እየወደቅን ሳቅን፣
እሱ ሲያማ ትንኙን፣ እኔ አቧራችንን።

ስሙን ልጠይቀው ስጽፍ ጥቅሌ አለቀ።

ባለፈው ማክሰኞ ተጠገነ ተባለ፤
ስምንት ጊጋ ያህል ምሳዬን አጎደለ።
ፈረሱ ከጣሪያ ወርዶ ሣር ይነጫል፣
ሻጩ አፍ አውጥቶ ዋጋ ይጨምራል።
ገበያው መሐል ላይ ረግጬ አየሁት፤
ድንጋይ ነው። ጠንካራ። ዘልዬም ሞከርኩት።
ሰው ሁሉ ያልፈኛል። ቆሜያለሁ እዚያው ላይ፣
ምናልባት እሱም መጥቶ ሲዘልበት ባይ።