ሁለት ጊዜ ስምንት

«ሁለት ሰዓት ግቢ» አልኳት ከበር ቆሜ፣
ዚፗን ሽቅብ ስቤ፣ ቃሌን ደጋግሜ።
«እሺ አባ» አለችኝ ሳትዞር ወደ ኋላ፣
ደረጃውን ወረደች ሁለት ሁለቱን ዘላ።
የጓደኛዋ ልደት ነው፣ ከቦዩ ማዶ ሰፈር፤
ትራሙ ዋጣት፣ እኔ ቀረሁ መስኮት ላይ መብራት ስቆጥር።

ወይንሸት ሆስፒታል ናት፣ የሌሊት ተረኛ፣
የሰው እናት ስታገላብጥ፣ የሰው አባት ስታስተኛ።

ወጥ ቤት ግድግዳ ላይ የሰቀልኩት ሰዓት
ከእሁድ ገበያ ነው፣ በአራት ዩሮ የገዛሁት፣
መርፌውን ስድስት ቤት አዙሬ
እንዳገሬ እንዲቆጥር ያስገደድኩት።
ፀሐይ ሳትሰማኝ! በላይፕዚግ ክረምት እሷ ራሷ ታረፍዳለች፣
በበጋ ደግሞ እንቅልፍ አጥታ ትዞራለች።
እኔ ግን ሰዓቴን አላስነካም አልኩ፣
አስራ አንድ ዓመት በዚሁ ቆየሁ።

አሁን ሁለት አለ። አለፈ። ሦስት። አራት።
ሁለቴ ሞቀ፣ ሁለቴ በረደ የትርሲት ራት።
ስልኳ ጠርቶ ጠርቶ አንዲት የጀርመን ሴት ድምፅ
በብረት ትህትና «አሁን ማግኘት አይቻልም» ትለኛለች።
ለእናቷ ልደውል? እንዳላስጨንቃት ተውኩት።
እውነቱን ልናገር? አፍሬ ነው የተውኩት።

አምስት ላይ ተቆጣሁ፣ ስድስት ላይ ዛትኩ፣
ሰባት ላይ ዛቻዬን ረስቼ ስለት ተሳልኩ።
ፍራው ሊንድነር ከታች፣ ኮቴዬ ቢያስመርራት፣
በመጥረጊያ እንጨት ጣሪያዋን ደበደበች።
ስምንት ላይ ጫማዬን አጠለቅሁ።
ወዴት ብዬ? የቤቱን ቁጥር አልጠየቅሁ፤
«ፍሪዳ» የሚል ስም ነው በእጄ ያለ፣
በዚህ ከተማ ስንት ፍሪዳ አለ!

ዘጠኝ ሲል ቁልፍ ተንቋቋ።
ገባች። ጉንጯ በብርድ ቀልቷል፣
ፀጉሯ ላይ ብልጭልጭ ወረቀት ተጣብቋል።
«ስንት ሰዓት ነው?» አልኳት
የማን እንደሆነ በማላውቀው ድምፅ።
ስልኳን እንደ መታወቂያ ዘረጋችልኝ፦
«ሁለት። ሁለት አላልከኝም?»

ግድግዳው ዘጠኝ ይላል።
ዘጠኝ ሲቀነስ ስድስት፣ ሦስት ይሆናል።
«አንዷ ሰዓትስ የት ገባች?» አልኩ፣
ሌባ እንደያዘ ሰው።
«ዛሬ እኮ ወደ ኋላ ይመለሳል፣ አባ።
ሦስት ሲሞላ፣ እንደገና ሁለት።
ባቡሩ እንኳ መንገድ ላይ ቆሞ ይጠብቃል።»

የኔን ሁለት አታውቅም ብዬ እንዳልምል፣
በዚያ ሰዓት ሥር ነው ጥርሷን የነቀለችው።
ታውቃለች ብዬም እንዳልምል፣
በጀርመንኛ ነው ሕልም የምታየው።
ቁጣዬን ፈለግሁት፣
ስለቴ በልቶት ቆየኝ።

ሾርባውን ሦስተኛ አሞቅሁ።
ማንም ያልጠየቀን፣ ማንም የማይከፍልበት
አንድ ሰዓት ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቶ
እሷ በማንኪያ እያወራች፣
ስለ ጭፈራው፣ ስለ ኬኩ፣ ማቲስ ስለሚባል ልጅ
(እሱን በሌላ ቀን እጠይቃለሁ)፣
እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ
ሳላቋርጣት ሰማኋት።

«ላስተካክለው?» አለች ወደ ግድግዳው አይታ።
ዝም አልኩ። ዝም ብዬ ቆየሁ።
«አንድ ቤት ብቻ» አልኳት።
በካልሲ ወንበር ላይ ወጣች፤
ዘጠኝን በጣቷ ገፍታ ስምንት አደረገችው።
እኔ ከታች፣ እንዳትወድቅ፣
ወንበሩን ግጥም አድርጌ ያዝኩ።

ማለዳ ወይንሸት ገባች፣ ዓይኗ የተቀቀለ፣
«የዛሬውስ ሌሊት አልነጋ አለኝ» እያለች።
ጫማዋን ስታወልቅ የልጅቷን ጫማ አየች።
«ስንት ሰዓት ገባች?»
«ሁለት» አልን፣ እኔም ልጄም፣ እኩል።
ቀና ብላ ግድግዳውን አየች፣
እኛን አየች፣
«በማን?» አለች።