ሦስት ዋት

ኮልን በምትባል የላንክሸር ከተማ፣
ጭስ የጠጣ ድንጋይ፣ ዝናብ የጠገበ ማማ፣
ከፈትል ፋብሪካው ጀርባ፣ ከቦዩ ዳር ባለች ክፍል
ተለማማጅ ነበርኩ፤ ሽቦ ስፈታ፣ ሽቦ ስጠቀልል።

ጌታዬ ሴልዊን ታተርሶል፣ ቁጡ፣ ከሲታ፣ ቆጣቢ፣
ለአንዲት ክብሪት እንጨት ሁለት ጊዜ አሳቢ፣
እንዲህ ይለኝ ነበር፦
«ጉልበት መጨመርማ ሰነፍም ያውቅበታል፤
ብልህ ግን በጭልፋ አዳራሽ ይሞላል።»

ሥራው ለሲኒማ ቤት ነው፣ ሺህ ወንበር ላለው፤
ማጉያው ግን ሦስት ዋት፣ ባለቤቱ ከዚያ በላይ ገንዘብ የለው።
ሦስት ዋት! ለመኝታ ቤት መብራት እንኳ የማይበቃ፣
መጽሐፍ የማያስነብብ፣ ድመት የማያነቃ።

ብረቱን አየሁት፣ እንደ ድስት የከበደ፣
ሆዱ በሽቦ ተጠቅልሎ፣ ማግኔት ልሁን ብሎ የነደደ፤
መሐሉ ላይ ክፍተት፣ ክብ፣ እንደ ቀለበት፣
ጣት ቀርቶ ጥፍር የማይገባበት።
በዚያች ስንጥቅ ውስጥ ነው ድምፅ የሚወለደው፤
እሷ በጠበበች ቁጥር ነው ማግኔቱ የሚያብደው።
ስስ የአሉሚኒየም ጥምጥም በዚያ ይንጠለጠላል፣
ነፍስ እንዳለው ሁሉ ይገባል፣ ይወጣል፤
ጫፉ ላይ የወረቀት ሾጣጣ፣ ከእንቁላል ቅርፊት የሳሳ፣
የተኛውን አየር በትከሻው የሚያነሳ።
ከፊቱ የእንጨት መለከት፤ ጉሮሮው ጡጫ፣ በር የሚያህል አፉ፣
ሹክሹክታ ተቀብሎ አደባባይ መዝራት ነው ትርፉ።

ግን ጥበት ዋጋ አላት።
አጠበብናት፣ ደግሞ አጠበብናት፤ ጥምጥሙ ብረት ነካ፤
ቫዮሊን ብንሰጠው ጠጠር ሲያላምጥ ነው ለካ።
ታተርሶል ጆሮውን ደፍቶ ሌሊቱን አደመጠ፤
የት ጋ እንደሚፋቅ ግን፣ ግራ ይሁን ቀኝ፣ ጆሮው አልመረጠ።

ያኔ ነው ቲርዛ ኦርመሮድ ከጥግ የተነሳችው፣
ሠላሳ ዓመት በሽመና መኪና መሐል ያረጀችው፣
ሽቦ እንድትጠመጥም በጥቂት ሽልንግ የቀጠርናት፤
መኪናው ለጣቷ ጥበብ ሰጥቶ ጆሮዋን የነሳት።

እዚያ አገር ሸማኔ በከንፈር ነው የሚያወራ፤
አራት መቶ መኪና ባንድ ጣሪያ ሥር ሲያጓራ
ቃል አይሰማም፤ አፍ ብቻ ይታያል፤
ሐሜቱም፣ ፍቅሩም፣ የቤት ኪራዩም ከከንፈር ይነበባል።

ወረቀቱን በሦስት ጣት ነካች፣ ልክ እንደ ሕፃን ግንባር
ትኩሳት እንደምትለካ፤ ዓይኗ ግን መስኮቱ ላይ ነበር።
«እዚህ» አለች። «አሁን ደግሞ እዚህ። ባንድ ወገን ተወጥሯል፤
ድሩ እንዲህ ሲሆን ጨርቅም ይጣመማል።»
የቆዳውን ማሰሪያ ጥላ ከሽርጧ ጫፍ ቀደደች፣
ቫርኒሽ አጠጥታ ዙሪያውን እኩል ወጠረች።
ታተርሶል ለካው። የፀጉር ያህል እንኳ አልዘነበለም።
«ማን አስተማረሽ?» አለ።
ጀርባዋን ሰጥታው ነበር፤ አላየችም።

የመክፈቻው ለት ዘነበ። ሺው ወንበር ሞላ።
ፒያኖ መቺው ሚስተር ክሌግ፣ ኮታቸውን ሳያወልቁ፣ ቆሙ ከበሩ ኋላ።
(ድሮ፣ ፊልም ዲዳ ሳለ፣ ሸማኔ ይስቅ ነበር በሚያለቅሰው፤
ጽሑፉ «እወድሻለሁ» ሲል፣ ከንፈሩ «ጫማዬ ጠበበኝ» ነው።)

ከዚያ ሦስቱ ዋት ተናገሩ።
በፊልሙ ውስጥ በር ተዘጋ፤ ሰው ሁሉ ወደ በሩ ዞረ፤
ሰገነቱ ላይ ያለ ሕፃን የጀመረውን ለቅሶ አስቀረ።
ጌታዬ ፊልም አላየም። ባርኔጣውን ጨብጦ ጣሪያውን እያየ
ጠጠሩን ጠበቀ፤
ጠጠሩ ዘገየ፣
ጭራሽም ሳይመጣ ፊልሙ ተጋመሰ።

እኔና ቲርዛ ከመለከቱ አጠገብ፣ ከመጋረጃው ጀርባ፣
መዳፏ እንጨቱ ላይ፣ ብርሃን በሸራው ቀዳዳ ፊቷ ላይ ሲገባ።
አይፋቅም፣ አለ መዳፏ። ወደ እኔ ዞረች፤
ሥዕሉ ከጀርባ ደብዝዞ ከንፈር ማንበብ ስላልቻለች
«ምን አለ?» አለች።

ሺህ ሰው ሰምቶታል፣ የመጨረሻው ረድፍ ሳይቀር፤
እኔ ግን ድምፄን ትቼ፣ በባዶ ከንፈር
ነገርኳት።