ትንፍሽ

ደብረ ብርሃን ጠዋት፣ ውርጩ ሣር ላይ ነጥቶ፣
ሰው ሁሉ ትንፋሹን ከፊቱ አውጥቶ፣
እንደ ጋሪ ፈረስ ጭስ ጭስ እያለ ሲያልፍ፣
የኔ ግን አይወጣም፣ ይቀራል ከደጃፍ።

ሃያ ሁለት ዓመት ሱፍ ፈልቅቄአለሁ፣
የበጉን ፀጉር ከእሾሁ ለይቻለሁ፤
የመንዝ ነው፣ ጥቁሩ፣ ቡላው፣ ግራጫው፣
ብናኙ አየር ላይ፣ እኔ መቀመጫው።

ሌሊት ከደረቴ ፉጨቱ ሲወጣ፣
ባሌ ድመት መስሎት ይነሣል በቁጣ።
«ጉንፋን ነው» አልኩት። ጎረቤቴ «ብርድ» አለች።
ዝንጅብል በማር፣ ዳማከሴ በፎጣ፣ ሁሉን አዘዘች።
ለአለቃዬ ግን ትንፍሽ አላልኩም።
ትንፍሽ ካልኩ ወንበሬን አላገኘውም፤
ከፋብሪካው በር ስንቷ ተሰልፋለች፣
የኔን መውደቅ ሳይሆን የኔን ቦታ ትጠብቃለች።

አንድ ማክሰኞ ዕለት፣ ደረጃው መሐል ላይ፣
ብረቱን ይዤ ቀረሁ፣ ጠቆረብኝ ሰማይ።

ሆስፒታል። ሐኪሟ ጀርባዬን አዳመጠች፣
«ትንፋሽ ወደሚለካው ሂጂ» ብላ ጻፈች።
ናሁሰናይ ይባላል፣ ከልጄ የማይበልጥ፤
ደም አልቀዳልኝም፣ አላስገባኝ ከራጅ ውስጥ።
የጫማ ካርቶን የምታክል ዕቃ፣ አፏ ላይ ቱቦ።

«ሙሉ ይሳቡ። አሁን ያውጡ።
በኃይል አይደለም፤ ሻማ እያጠፉ አይደለም።
እንዲያ። እንዲያ።
እዚህች ላይ ያለችው ዳመና ከመስመሯ እንዳትወርድ፣
እንዳትወጣም።
አሥር ሰከንድ።»

አሥር ሰከንድ!
ከደብረ ሲና ጣርማ በር ሽቅብ በእግር ይቀላል።
በስድስት ዳመናዋ ወደቀች፤ «ችግር የለም፣ እንደገና» ይላል።
በስምንት ሳል ቀደመኝ።
በሦስተኛው ሞላሁ። ዕቃዋ ዝም አለች፣ አሰበች፣
ከዚያ «ሰባ ሦስት» ብላ ጻፈች።

ሰባ ሦስት ምን? ዕድሜ ነው? ዕዳ?
«የሳንባዎ ቧንቧ ከውስጥ ሲቆጣ» አለኝ፣
«አንድ ጋዝ ያበዛል፤ በትንፋሽ ይወጣል፤
ከቢሊዮን መሐል ሰባ ሦስት ቅንጣት ይሄ ነው።
አስም ነው፣ እማማ።»
ሳቄ መጣ።
ከሱፍ ውስጥ እሾህ ለቃሚዋ እኔ፣
እሳት ለቃሚ አገኘሁ፣ ከትንፋሼ፣ ከጎኔ።

ሰማያዊውን ሲጨንቀኝ፣ ቡናማውን ጠዋትና ማታ፤
ስቦ፣ አፍን ተጉመጥምጦ፤ አንድም ቀን ሳይረሳ፣ ሳይፈታ።

በሁለት ወሩ ተመለስኩ።
«ቡናማውን ይስባሉ?»
«አዎን፣ በማርያም!»
ለክፉ ቀን ብዬ አስቀምጬው ነበር፣
መሐረብ ውስጥ ጠቅልዬ እንደ ብር።
ነፋሁ።
ሰባ ስድስት።
አልተቆጣኝም፤ ቀና ብሎ ብቻ አየኝ፣
የገዛ ትንፋሼ እፊቴ አሳበቀብኝ።
ሰው ምላሱን ያስተምራል፤ ሳንባውን ማን ያስዋሻል?
አፌ የማለበትን ትንፋሼ ያፈርሳል።

ቤቴ ገብቼ መሐረቡን ፈታሁ።

በሦስተኛው ዳመናዋ ቀጥ አለች፤
ሠላሳ አንድ። ናሁሰናይ ጠረጴዛ መታ።
ባሌ ደግሞ በዚያው ሰሞን አንድ ማታ
ጨለማ ውስጥ ሲያዳምጥ ቆይቶ፣
«ያቺ ድመት ሄደች?» አለኝ ተደንቆ።

ዛሬ ጠዋት ውርጭ ነው። አቶ ዘውገ በር ላይ
መዝገቡን ይዞ ቆሟል። «ምነው፣ እታፈራሁ፣ አረፈድሽ?»
ከፋብሪካው አጥር እስከዚህ ሳላርፍ መጥቻለሁ፣
ይህን አያውቅም።
አፌን ስከፍት ጭሴ ወጣ፣ ነጭ፣ ረጅም፣ እንደ ሰው ሁሉ፣
ከጭሱም ጋር ተነፈስኩ፦
«አስም አለብኝ። ከብናኙ ክፍል አውጣኝ።»

ብዕሩ መዝገቡ ላይ ቆመ።
የሱም ጭስ ወጣ።
ቃል ግን ገና አልወጣም።