አርባኛው ቀን

ከቂሊንጦ ማዶ፣ አስፋልቱ ሲያበቃ፣
«ወራጅ አለ!» ብዬ እረግጣለሁ ጭቃ።
ኮትቻው እንዳበዳሪ ጫማዬን ጨብጦ፣
አንዱን እግር ስነቅል ሌላው ይቀራል ሰምጦ።
በሩ ላይ ኦቦ ደቻሳ፣ ካፖርት ለብሰው፣
«ትርንጎ፣ አይጦችሽ አደሩ?» ጥያቄውን በሳቅ ለውሰው፤
«በኛ ጊዜ አይጥ ጎተራ ይፈጅ ነበር፤
ዛሬ በመንግሥት በጀት ይቀለብ ጀመር!»

የኔ ሥራ ይኸው ነው፦
ከጥቁሯ አይጥ ጀርባ የቴምብር ያህል ቆዳ
አንስቶ መስፋት ነው ከነጯ፣ ከባዳ።
ክሩ ከሽፋሽፍት ቢቀጥንም እጄ ለምዶታል፤
የሚያስቸግረኝ ሌላ ነው፣ ደሟ ውስጥ ይዞራል፦
እንቅልፍ የለሽ ዘበኛ፣ መታወቂያ ጠያቂ፣
«የማን ልጅ ነህ?» ባይ፣ ሰባት ቤት ጠንቅቆ አዋቂ።
መልስ ያጣ እንግዳ በስምንተኛው ቀን ይኮማተራል፣
እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተቀርፎ ይቀራል።

ዘበኛውን ማስተኛት አይከብድም፤ ኪኒን ሞልቷል፤
ግን ዘበኛ ያጣ መንደር በጉንፋን ይፈታል።
እኔ የምሻው፣ ዓይኑን ሳይከድን፣ ዱላውን ሳይጥል፣
እንግዳውን አይቶ «ይሄስ የቤት ነው» እንዲል።

ይህን ለኦቦ ደቻሳ አንድ ማለዳ ባስረዳ፣
«ጉዲፈቻ ነው አትዪም!» አሉ። «ምን አለው እንግዳ?
ስምሽ ራሱ ትርንጎ፤ ብርቱካን ቢቀጥሉበት
መች ይጥላል ግንዱ? ልጅም ቃል ከተገባለት
ያልወለደው ይወልደዋል። ግን ጥርስ ሳይወጣለት!
ጎርምሶ ከመጣማ...» በእጃቸው ብቻ ተዉት።
አምስት ዓመት ሙሉ ያነበብኩትን ጉድ
ነግረውኝ ሄዱ፤ ሲኖትራክ ዘግቶ ነበር መንገድ።

የግራ እጃቸው ሁለት ጣት የለም፤ ድንጋይ ወፍጮ በልቶታል።
«የሌለው ያሳክከኛል» ይላሉ፣ «ሌሊት ሲበርድ ይብሳል።»
ነገርኳቸው፦ ጣቱ ቢሄድም አንጎል ቦታውን አልሰረዘም፤
ሽቦው እንደተዘረጋ ነው፣ ማንም አልጠቀለለውም።
እንደዚያ ኮንዶሚኒየም፣ ቆጣሪ እንዳልገባለት፣
ጎረቤት ከጎረቤት በመስኮት መስመር እንደሳበለት፣
ባዶ የቀረውን ክፍል ጉንጭ መጥቶ ይከራየዋል፤
ጉንጭዎን ሲዳስሱት ጣትዎ አቤት ይለዋል።
ዳሰሱ።
ዝም አሉ።
ከዚያ በአገጫቸው ከኋላዬ ያለውን ሕንፃ ጠቆሙኝ፦
«ይሄም ያሳክከኛል። ሽምብራ ነበር።»

አጥሩ ሥር የተቆረጠ ባሕር ዛፍ አለ፤
ሲሚንቶ ፈስሶበት፣ በስንጥቁ በቀለ።
እንሽላሊቷም ጭራዋን ድመት አፍ ጥላ፣
ይኸው አበቀለች፣ አጥንት አልባ ሌላ።
ሁለቱንም አያለሁ፣ ምሳዬን እየበላሁ፣
ጉበት ያልረሳውን ጣት ለምን እንደረሳ እጠይቃለሁ።

በሠላሳ ዘጠነኛው ሌሊት መብራት ጠፋ፤
ጄኔሬተሩም ናፍጣውን ጨርሶ አንቀላፋ።
በጭቃው ሮጬ ስደርስ፣ ኦቦ ደቻሳ በሸሚዝ ቆመዋል፤
ካፖርታቸው? የአይጦቹን ቤት አልብሷል።

ሲነጋ ፋሻውን ፈታሁ፣ ትንፋሼን ውጬ።
ጥቁር ጠጉር ነው፣ በነጭ ጀርባ ላይ በቅሎ፣
እንደ ተከራይ ሳይሆን እንደ ባለቤት ተደላድሎ።

«አርባ ሞላው?» አሉ ከደጅ።
«ሞላው።»
«እንግዲህ ክርስትና ነዋ! ስም ይውጣለት።»
«ሴት ናት» አልኳቸው።
ሳቁ። በሦስቱ ጣታቸው ካፖርቱን ሊያነሱ ዘረጉና ተዉት፤
«እንግዲያው ሰማንያ ጠብቂ።»

መዝገቤ ላይ የጻፍኩት ይህን ብቻ ነው፦
ቀን አርባ። አልጣለችውም።
ይጠበቅ።