ሁለት መርፌ

ግሽ ዓባይ ሰፈር፣ ከቆርቆሮ በረንዳ ሥር፣
ስለካ፣ ስቀድ፣ የሰው ሱሪ ሳሳጥር፣
ሃያ ሁለት ዓመቴ፤
መርፌ ናት እንጀራዬ፣ መርፌ ናት ርስቴ።
የስንቱን ቀዳዳ፣ የስንቱን ትርትር
ዘምዝሜ ሸኘሁት በነጭና በጥቁር።

ሌላዋ መርፌ ግን እቤት ናት፤
መድኃኒቷን ወበቅ እንዳይነካባት
ይታይሽ ሚስቴ፣ መብራት በጠፋ ቁጥር፣
ርጥብ አሸዋ በሞላው ማሰሮ
ብልቃጡን እስካንገቱ ትቀብራለች፣
እንደ ችግኝ ውሃ ታርከፈክፋለች።

ክረምቱን ሙሉ ቀበረች፤ ክረምቱን ሙሉ ዋሸኋት።
«ተወጋህ?» ስትለኝ «እንዴታ!» አልኳት።

ሐዘን እንዳልለው የሞተብኝ የለም፤
ቂም እንዳልለው ከማንም አልተጣላሁም።
እንደ ጣና እንቦጭ ነው፤
ማታ አንዲት ቅጠል፣ ሲነጋ ጋሻ መሬት፤
ላዩ ለምለም፣ አበባውም ውበት፣
ሥሩ ግን ዓሣ ትንፋሽ ያጣበት።
«ቀጠንክ፣ አማረብህ!» አለኝ የዘጌው ደንበኛዬ፤
ሱሪዬን ሁለት ጣት አጠበብኩ በገዛ መርፌዬ።

ትናንት ሱቅ ልዘጋ ስል
ደንበኛ ቁመናውን የሚያይበት መስታወት
ከግድግዳው ተንሸራቶ ወለሉ ላይ ተንጋለለ።
ከፔዳሉ ሳነሳው፣ ባዶ እግሬ
ውስጡን አሳየኝ፦
ተረከዜ ላይ መርፌ ተሰክቷል፣
ከነክሩ። ሰማያዊ ክር።
ሰማያዊ የሰፋሁት ጠዋት ነው፣ የተማሪ ደንብ ልብስ።
ጠዋት!
ቀኑን ሙሉ ረግጬው፣ ፔዳል ገፍቼበት፣
«እህ» አላለም እግሬ።
እኔስ መቼ አልኩ?

ነቀልኩት። ደሙ ዘግይቶ መጣ፤
እንባዬ ከደሜ ቀድሞ ወጣ።

ሲስተር ፈንታነሽ ቁስሉን ስታጥብ አልተቆጣችኝም።
«ስኳሩን ለጊዜው ተወው፤ አንተስ እንዴት ነህ?»
ደረት እለካለሁ፣ ወገብ እለካለሁ፣ ክንድ፤
የዚህን ልክ ግን አላውቀውም።
«ደክሞኛል» አልኳት፣
ድምፄ የሌላ ሰው መስሎኝ።
«ድባቴ ይባላል» አለች፤ «እሱም ይታከማል።»

ዛሬ ማታ ከማሰሮው ፊት ተቀመጥን።
«ክረምቱን ዋሽቼሻለሁ።»
«ብልቃጡ መቼ ጎደለና!» አለች ይታይሽ፣
አሸዋውን እያራሰች።
እግሬን ጭኗ ላይ አድርጋ
በባትሪ ብርሃን ጣት በጣት ፈተሸችው፣
እኔ የሰው ጨርቅ እንደምፈትሽ።
ከዚያ ሆዴን ገለጥኩ።
ነገን እንጃ።
መርፌዋ ግን አመመችኝ፤
ደስ አለኝ ማመሟ።