የእጅ

"ስንት ነው?" አለኝ ሰውዬው፣ ኮርቻው ላይ እንዳለ።
"ሁለት መቶ" ስለው ሳቀና፣ "ምን ተቀየረና?" አለ።
"ሽቦው ያው፣ ቸርኬው ያው፣
አንድ ቡሎን እንኳ አልጨመርክ፤ ይሄ ሁሉ የምንድን ነው?"

"የእጅ ነው" አልኩት።

"የእጅ?" ብሎ እጄን አየው፣
ግራሶ የጠጣ ጥፍር፣ ፒንሳ የነከሰው፤
ዋጋው ከመዳፌ ጀርባ የተለጠፈ ይመስል
አንገቱን አዘንብሎ ሊያነበው።

ሃምሳ ብር ወረወረልኝ፣ ፖምፓው አጠገብ ወደቀ፣
"የእጅህን ይስጥህ" ብሎ፣ ፔዳሉን ረግጦ ራቀ።
ምርቃት ይሁን እርግማን፣ አነጋገሩ አልለየለት፤
ጎማው ግን ቀጥ ብሎ ሄደ፣ እኔ ያቃናሁለት።

ሲመጣ እንደ ሰካራም ነበር፣ ግራና ቀኝ የሚላጋ፣
ከፍሬኑ ላስቲክ ጋራ በየዙሩ የሚዋጋ።
ሠላሳ ስድስት ሽቦ! አንዱን ስታጠብቅ አንዱ ያኮርፋል፣
ያኮረፈውን ስታባብል ሌላው ከመስመር ያልፋል።
ሩብ ዙር፣ ግማሽ ዙር፣ ደግሞ ሩቡን ትመልሳለህ፣
በጥፍርህ መታ፣ መታ፤ ድምፁን ታዳምጣለህ፤
የላላው ደንቆሮ ነው፣ ያለልክ የጠበቀው ይጮኻል፣
ሁሉም ባንድ ድምፅ ሲመልሱ፣ ያን ጊዜ፣ በቃ፣ ይበቃል።

ጆሮዬን በየትኛው ሚዛን ላስቀምጥለት?
ሠላሳ ዓመት የጎበጠ ወገብ በስንት ልመትርለት?

ልጄ ረውዳ ዘጠነኛ ክፍል ናት፣ ሒሳብ ይገባታል፤
"ዋጋ ያልተጻፈበት ሱቅ፣ አባ፣ ሰው ይጫወትበታል"
ብላ ከሳሙና ካርቶን ቆርጣ፣ በሰማያዊ ማርከር ጻፈች፤
"ጎማ መለጠፍ፣ ከነማስቲሹ፣ ሰማንያ" ብላ ቀጠለች፦
"ፍሬን ማስተካከል፣ መቶ ሃያ። ካቴና ማሳጠር፣ መቶ።
ኩሽኔታ አጥቦ ግራሶ መቀባት፣ ስንት ሰዓት ይፈጃል?"
"ማነው ሰዓት አይቶ!"

በመጨረሻው መስመር "የእጅ" ብላ ነጥብ ነጥብ ደረደረች፣
ቁጥሩን አጣችው መሰለኝ፣
ባዶውን ተወች።

ቀትር ላይ ምንተስኖት መጣ፣ ምግብ አድራሹ፣ ቀዩን ሳጥን አዝሎ፣
ከሜክሲኮ እስከ ጎማ ቁጠባ ሳይክሉን ጎትቶ፣ ጉልበቱ ዝሎ።
ከመነዳሪውን ለጠፍኩ። ፍሬኑንም ጠበቅ አደረግሁለት፤
"ላንተ አርባ ነው" አልኩ፣ ሆዴ እየባባለት።
ካርቶኑን አነበበ። ሰማንያ ቆጥሮ እጄ ላይ አስቀመጠ፣
"ፍሬኑን ግን አላዘዝኩህም!" ብሎ ሳቀና ኮርቻው ላይ ተቀመጠ።
"እኔንም በር ላይ፣ ጋሽ ሽኩር፣ 'ቅርብ እኮ ነው፤
እግርህን ብታንቀሳቅስ ነው!' የሚሉኝ ስንቱ ናቸው።
ያንተ የእጅ፣ የኔ የእግር፤ ካንተ ላይ ከቆረጥኩኝ
ነገ በሰው ደጃፍ ቆሜ በምን አፌ 'ክፈሉኝ' እላለሁኝ?"

ሄደ፣ ወደ ተክለሃይማኖት፣ ዳገቱን ተነሥቶ እየረገጠ።
እኔም ካርቶኑ ሥር ተቀመጥኩ፤ ልቤ ግን አልተቀመጠ።
ጎማ ውስጥ ተሰውራ እንደቀረች ሚስማር፣ አንዲት ነገር ወጋችኝ፤
ጠዋት ለግብር ጉዳይ ወረዳ ስሄድ ጫማዬን የጠረገው ልጅ
"ሠላሳ" ሲለኝ፣ "ምን ሠራህና? ውሃ እኮ ነው የቀባኸኝ!"
ብዬ፣ ሃያ ሰጥቼ፣ ስልኬን እያየሁ አለፍኩ፤
ብሩሽ የላጠውን አውራ ጣቱን አሁን ነው ያስታወስኩ።

አስር ብር ጨብጬ ወጣሁ፣ እስከ ማዕዘኑ። ልጁ የለም።
ካፊያው አስፋልቱን አርጥቦታል፤
ሣጥኑ የነበረበት አራት ማዕዘን ብቻ
ገና አልረጠበም።

"ረውዳ፣" አልኳት ስመለስ፣ "ያን ባዶ መስመር ተይው ለዛሬ።
መጀመሪያ የምከፍለው አለ።"
"ስንት?" አለች፣ ማርከሯን ከፍታ።
"አስር።"
"ለአስር ብር ነው እንዲህ?" ብላ ሳቀች።
እኔ አልሳቅኩም።
የእጅ ነው።